ኡሙሰልማ ውሃ የምታጠጣው ባዶ መሬት

ኡሙሰልማ በርበሬ ገዝታ ስትመለስ እቤቷ ደግማ የምትመዝን ሴት ናት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለው እንደ ሰላምታ ነው። ባሏ ታሂር ደግሞ ተቃራኒዋ፤ የነገሩትን ሁሉ ያምናል፣ የለመኑትን ሁሉ ይሰጣል።

ታሂር የስኳር በሽተኛ ስለሆነ ጧት ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። የቆቦ ሙቀት መድኃኒቱን ያበላሸዋልና ብልቃጦቹ የሚቀመጡት ጎረቤታቸው ብዙነሽ ሱቅ፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከለስላሳው ጎን ነበር። ኡሙሰልማ ይህንንም አታምነውም። ብዙነሽ ቆጣሪ እንዳይቆጥርባት ማታ ማታ ፍሪጁን ታጠፋዋለች ብላ ትጠረጥራለች። እውነቷን ይሁን አይሁን እስካሁን አላወቅንም።

በሁለት ሺህ ሦስት ክረምት መብረቅ የሰፈራችንን ትራንስፎርመር አቃጠለው። ሊያዩት የመጡት ሰዎች አንጋጠው አይተው «ነገ ይሠራል» ብለው ሄዱ። እኛ አመንን።

«የትኛው ነገ?» አለች ኡሙሰልማ።

የዚያኑ ዕለት ወረፋ ሳይበዛ ማሽላዋን ወደ ናፍጣ ወፍጮ ወስዳ አስፈጨች። ላምባ ገዛች፣ የተጣለ ኩራዟን አጥባ ክሩን ለወጠች፣ ከሰል በጆንያ አስገባች። ሳቅንባት። ሳምንት አልፎ ሌላ ሳምንት ሲደገም ግን ሳቁ ቀረና ሐሜት ተተካ። «የነገራት ሰው ቢኖር ነው እንጂ እንዴት አወቀች?» ተባለ። ላምባ ከሱቅ ሲጠፋማ «ያሟረተችብን እሷ ናት» ያሉም ነበሩ።

የእሷ ጭንቀት መድኃኒቱ ነበር። ገና መብራቱ እንደጠፋ ብልቃጦቹን ልትወስድ ብዙነሽ ዘንድ ሄደች።

«ምነው ኡሙዬ፣ እኔ አለሁ አይደል?» አለች ብዙነሽ ቅር ብሏት።

«አንቺማ አለሽ እቴ፤ የሌለው መብራቱ ነው።»

ጓሮዋን ቆፍራ ማሰሮ እስከ አንገቱ ቀበረች፣ ዙሪያውን በወንዝ አሸዋ ሞላች። ብልቃጦቹን በላስቲክ ጠቅልላ ከታች አስቀመጠች፣ አፉን በእርጥብ ጆንያ ሸፍና ጭራሮ በተነችበት። አሸዋው እንዲቀዘቅዝ በየቀኑ ውሃ ታጠጣዋለች። ቦታውን ለታሂር እንኳ አልነገረችም። ዓምና ከሮቢት የመጣ ታማሚ «አለቀብኝ» ቢለው ሙሉ ብልቃጥ አንስቶ ሰጥቶ ነበራ! ስለዚህ የመርፌው ሰዓት ሲደርስ እሷው ታመጣለታለች።

አንድ ቀን አክስቷ ዋጃ ላይ ሞተው መርዶ መጣ። ታሂርን የጧቱን አስወግታ፣ ለማታው እደርሳለሁ ብላ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ፣ ጎርፉ መንገዱን ቆረጠው፣ መኪና ቆመ። እንዳትደውል የታሂር ስልክ ባትሪው ከሞተ ሰንብቷል። ሌላውን ሁሉ ስትጠረጥር የኖረች ሴት ያን ዕለት ራሷን ከሰሰች። «በገዛ እጄ ገደልኩት» እያለች ስታለቅስ፣ ለአክስቷ የምታለቅስ መስሏቸው ሰዎች አባበሏት።

በማግሥቱ ስትደርስ ታሂር ደጃፉ ላይ ቂጣ ይበላል።

«ተወጋህ?»

«ማታም፣ ጧትም። አልሐምዱሊላህ» አለና በአገጩ ወደ ብዙነሽ ቤት አሳያት።

ብዙነሽ አጥሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። «ባዶ መሬት ውሃ ስታጠጪ ስንቴ አየሁሽ» አለች። «ሱቄን የሚያዘጋ መተት እየቀበርሽብኝ መስሎኝ፣ በዚያ በኩል ማለፍ ትቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነካሽው?»

«ታሂር አፉ ደርቆ ‹መድኃኒቴ፣ መድኃኒቴ› ሲል ሰማሁታ! የደበቅሽው እዚያ ይሆናል፣ መተትም ከሆነ እኔን ይያዘኝ ብዬ ቆፈርኩት።»

ኡሙሰልማ በማግሥቱ «ሰው ያወቀው መደበቂያ፣ መደበቂያ አይደለም» ብላ ማሰሮውን ነቀለችው። አዲሱን ጉድጓድ የቆፈረችው ከብዙነሽ አጥር ሥር ነው። ከዚያም ብዙነሽ እንድትሻገርበት የአጥሩን እንጨት ሰው በሚያሳልፍ ልክ ነቅላ ቤቷ ገባች።