ልኩን ያልሳተው ኮሌታ

አክስቴ በየጠዋቱ ከልጇ ኋላ ትቆምና መጀመሪያ ከቀኝ፣ ቀጥሎ ከግራ ትጠራታለች። በእጇ ግን አትነካትም። ልጅቱ አንገቷን ወደ ሁለቱም ጎን እያዞረች «አቤት! አቤት!» ትላለች። የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ «ፍንጭቷ» እንላታለን። አክስቴ ሁለቱንም አቤት ሳትሰማ የስፌት መኪናዋ ላይ አትቀመጥም።

አምና ለፍንጭቷ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ሰፋችላት። ስታለብሳት ኮሌታው ወደ ግራ ያዘመመ መሰላት። ፈትታ እንደገና ሰፋችው። በማግሥቱም ዘመመ። ሃያ ዓመት የሰው ኮሌታ ስትሰፋ እንዲህ ሆኖባት አያውቅም። ሸሚዙን አስወልቃ በሜትር ለካችው፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ያን ጊዜ ዓይኗን ከጨርቁ አንስታ የልጇን አንገት አየች። ግንባሯን ብትነካው ይፋጃል።

የክሊኒኩ ሐኪም «የአተኛኘት ችግር ነው» ብሎ ማስታገሻ አዘዘ። በሦስተኛው ቀን ማንኪያ ከልጅቱ እጅ ይወድቅ ጀመር። አክስቴ ልጇን አዝላ፣ ሸሚዙን ይዛ ትልቁ ሆስፒታል ሄደችና እዚያ ባገኘቻት ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ሸሚዙን ዘረጋችው።

«እናት፣ እዚህ እኮ ልብስ አናክምም» አለች ሐኪሟ።

«ኮሌታው ልክ ነው። ልክ ያልሆነው የልጄ አንገት ነው። ሳይታይልኝ አልወጣም፤ ከፈለግሽ ዘበኛ ጥሪ።»

ሐኪሟ ዘበኛ አልጠራችም። ልጅቱን «እስቲ ወደ እኔ ዙሪ» አለቻት። ፍንጭቷ አንገቷን ሳታንቀሳቅስ በመላ አካሏ ዞረች። በዚያው ዕለት ኤምአርአይ ተነሣች። በልጆች ላይ እምብዛም የማይታይ የባክቴሪያ ሕመም በሁለት የአንገት አጥንቶች መካከል መግል ቋጥሮ፣ ኅብለ ሰረሰሯን መጫን ጀምሯል።

«ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ እጅና እግሯ አይታዘዛትም ነበር» አለች ሐኪሟ።

መግሉ በቀዶ ጥገና ወጣ፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ መድኃኒት በደም ሥሯ ገባ። የአንገት ድጋፉ አገጯን ሲልጣት አክስቴ ያንኑ ሸሚዝ ቀድዳ ድጋፉን በጨርቁ ለበጠችው።

«ለሌሎቹም ልጆች ስፊላቸው እንጂ» አለች ነርሷ።

«ይምጡ፤ ስለካ አንገቱን የሚያዞር ደንበኛ ግን አልቀበልም!»

ይህን ሁሉ ስታጫውተኝ አንዱን ብቻ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። እሺ ብያትም ነበር። ነገር ግን ሌላ እናት ዛሬ ኮሌታ እያስተካከለች ቢሆንስ? አክስቴ ይቅር ትበለኝ። ሸሚዙን ለሁለተኛ ጊዜ ስታለብሳት ፍንጭቷ «እማዬ፣ አንገቴን ያመኛል» ብላት ነበር። እሷም ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች «ቀጥ በይ!» ብላ አገጯን በእጇ ጎትታ አቃናችው።