አምቡላንስ ላይ የወጣው ልብስ ሰፊ

የሰፈሩ ሰው «ሜትሩ» ይለዋል፤ የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቱ ወርዶ ታይቶ አይታወቅማ። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሰው ሱሪ ሲያሳጥርና ሲያስረዝም የኖረ ሰው ነው። መንገድ ለጠየቀው «በዚያ በኩል» ብሎ በጣቱ መጠቆም አይሆንለትም፤ ስፌቱን አቁሞ፣ ሰውየውን ይዞ ካላደረሰ ነውር ይመስለዋል። ጣጣውን ያመጣበትም ይኸው አመሉ ነው።

ወረርሽኙ በገባ በሁለተኛው ወር አንድ አምቡላንስ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ሹፌሩ የጡረተኛውን መምህር ቤት ጠየቀው፤ መምህሩ ታመው ነበር። ሰፈሩ የቤት ቁጥር የለው፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ እዚያው የተወለደውን እንኳ ያደናግራል። ሜትሩ ሳያመነታ ከሹፌሩ ጎን ወጥቶ ተቀመጠ። ሹፌሩን መምህሩ በር ድረስ አድርሶ ወረደና በጓሮ በኩል በእግሩ ተመልሶ ስፌቱን ቀጠለ። ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ አይቶታል፤ ሲወርድ ግን አንድም ያየው የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ግራ አጋባው። ማዶ ያለው ባለ ሱቅ መጥቶ መጨበጡን ትቶ ሰላምታውን ከመንገዱ ወዲያ ይወረውርለት ጀመር። የልጆቿን ዩኒፎርም እንዲሰፋ ጨርቅ የሰጠችው ሴት ሐሳቤን ቀየርኩ ብላ መጣችና ጨርቁን በዱላ ጫፍ አንጠልጥላ ወሰደች። ሜትሩ ሥራው የተበላሸ መሰለው፤ የሰፋውን ሁሉ እየገለበጠ ቢያይ ጠማማ አጣበት። ሰው አስቀይሜ ይሆናል ብሎ ደግሞ ያላስቀየማቸውን ሁለት ሰዎች ይቅርታ ጠየቀ። እነሱም ከሩቅ ሆነው ይቅር አሉት።

በሳምንቱ እውነቱን የነገረችው ታናሽ እህቱ ናት፤ እሷም በስልክ። ከአምቡላንስ ዘሎ አምልጦ ነው የመጣው ይባላል አለችው። እሱ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ለጊዜው ቤቷ እንዳይመጣ ለመነችው።

ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት ፍለጋ ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሷ ያስልሃል ወይ ስትለው የለም አለ። እንግዲያው መመርመሪያው ለታመመ ሰው እንኳ አልበቃም፣ ሂድ አለችው። አለመታመሜን በምን ላሳይ ቢላት ቀጣዩን ሰው ጠራች። ከጤና ጣቢያው ሲወጣ ደግሞ የሰፈሩ ሴቶች በር ላይ አዩት። አለቀለት።

ቀስ በቀስ እሱም ራሱን መጠርጠር ጀመረ። ማሽተት አቅቶኝ ይሆን ብሎ በየጠዋቱ ሳሙና አንስቶ ያሸታል። ሚስቱን ግንባሬን ንኪኝ ይላታል፤ ነክታው፣ ደህና ነህ አርፈህ ተቀመጥ ትለዋለች። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ይሳሳታል? ይህን ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም።

መምህሩ ድነው የተመለሱት በወር ከአሥር ቀናቸው ነው። ከስተው፣ ከዘራ ይዘው ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ሜትሩ ሥራ ያለው እንዲመስል የገዛ ቤቱን መጋረጃ እየሰፋ ነበር።

«ሹፌሩ ነገረኝ» አሉት። «ካንተ በፊት ሦስት ሰው ጠይቆ፣ ሦስቱም አናውቃቸውም ብለውታል። ትንሽ ብትዘገይ አትተርፍም ነበር ብሎኛል ሐኪሙም። በል እስቲ ልጄ፣ ሱሪዬ ሁሉ ከወገቤ አልቆም ብሏል፤ ለካኝ።»

ሜትሩ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፤ እዚያው ቀረ። ዓይኑ መንገዱን ተሻግሮ ባለ ሱቁ ላይ አረፈ፤ ባለ ሱቁም ትክ ብሎ ያየዋል።

«መኪናው ተበላሽቶብኛል፣ ጋሼ።»

ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። የስፌት መኪናው ጎማ ገና መሽከርከሩን አላቆመም ነበር። መምህሩ ጎማውን አዩት። «እሺ ልጄ» ብለው፣ ግድግዳውን ደገፍ እያሉ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ወዲያው ባለ ሱቁ አንድ ሱሪ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት።

«ደግ አደረግህ» አለው። «ሰው ለራሱ ካልተጠነቀቀ ማን ሊጠነቀቅለት ነው? ይችን ትንሽ አሳጥርልኝ።»

ሜትሩ ይደሰት ይፈር ጠፋበት። ሱሪውን ሳብ አድርጎ ጫፉን ማጠፍ ጀመረ። መምህሩ ገና መታጠፊያው ጋ አልደረሱም፤ ቢጠራቸው ይሰሙት ነበር።