ከበሮ መቺው የላካቸው ሽማግሌዎች

አክስቴ ኮል አድርጋ «ላገባ ነው» ስትለኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ግሮሰሪ ውስጥ ጋሪ እየገፋሁ ነበር።

«ማንን?»

«ዌልስ የሚባል አገር ሰው ነው። ከበሮ መቺ ነው።»

ጋሪዬን አቆምኩ። አክስቴ ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመት የሆናት፣ አሌክሳንድሪያ ጆሮ ክሊኒክ ውስጥ የመስማት ምርመራ የምትሠራ፣ ከቤተሰባችን ሁሉ ቁም ነገረኛዋ ሴት ናት።

የተዋወቁትም እዚያው ክሊኒክ ነው። «ድምፅ ስትሰማ ቁልፉን ተጫን» ትለዋለች፤ እሱ ድምፅ ሳይኖርም ይጫናል። ደጋግማ አስጀመረችው። በመጨረሻ በምርመራ ክፍሉ መስታወት ጠጋ ብላ ብታየው ዓይኑን ጨፍኖ በቁልፏ ምት ይመታል። «ይቅርታ» አላት፣ «ጸጥታ ሲሆን እጄ አርፎ አይቀመጥም።»

ከዚያ በኋላ ታሪኩን በየቀኑ በስልክ ትነግረኝ ጀመር። የተወለደው የድንጋይ ከሰል የሚቆፈርበት መንደር ነው። አባቱ ቆፋሪ ነበሩ። ልጅ ሆኖ የእናቱን ድስት ሁሉ ስላጎበጠው በቆፋሪዎቹ ማርሽ ባንድ ውስጥ አስገቡት። ጢሙ ሳያቀመቅም ከሦስት የሰፈሩ ልጆች ጋር የሮክ ባንድ አቋቋመ። በአሮጌ ቫን አውሮፓን ዞሩ፤ አንድ ዘፈናቸው ሬድዮ ላይ ወጣላቸውና ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ተጫወቱ። ከዚያ እሱ ተለያቸው። አሜሪካ መጥቶ ለሌሎች ዘፋኞች ሲመታ ኖረና አሁን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ልጆች ያስተምራል።

ለምን እንደተለያቸው ግን አልነገራትም።

ጉዳዩ ለትልቁ አጎቴ መቅረብ ነበረበት። የአክስቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ጋ ይኖራሉ፤ ያለ እሳቸው ቃል ቤታችን ውስጥ ሰርግ የለም። አክስቴ መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ተናገረች።

«ከበሮ መቺ?» አሉ አጎቴ ደስ ብሏቸው። «የየትኛው ደብር?»

«ደብር አይደለም ጋሼ፤ የሮክ ነው።»

«ሮክ የሚባል ደብር አላውቅም።»

ስልኬ ላይ አንድ የድሮ ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። ፀጉሩ እስከ ወገቡ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ ንብ እንደወረረው ሰው እጁን ያወራጫል። አጎቴ እስከ መጨረሻው አዩት።

«ሸሚዙስ?»

«መብራቱ ያቃጥላል ጋሼ» አለች አክስቴ።

«እንግዲህ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ፣ «በወጉ ሽማግሌ ይላክ።»

ለሰውየው የማስረዳቱ ሥራ የኔ ሆነ። ደወልኩለት። ሽማግሌ ማለት ስለሱ የሚመሰክሩ ሦስት የተከበሩ ሰዎች እንደሆኑ ነገርኩት።

«የተከበረ ሰው አላውቅም» አለኝ። «የማውቀው ባንዴን ነው። እነሱን ካነጋገርኩ ደግሞ ስንት ዘመኔ። ቤልጅየም ውስጥ ነዳጅ ማደያ ላይ ረስተውኝ ሄደዋል።»

ቢሆንም ደወለ። የባንዱ ዘፋኝ ስልኩን እንዳነሳ «የት ነህ?» አለው።

«ቤልጅየም» አለው።

ከወር በኋላ ሦስቱም ጥቁር ሱፍ ለብሰው እኛ ሳሎን ቆመው ነበር። የመጡበትን ሳይናገሩ እንዳይቀመጡ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ዘፋኙ ነጭ ፀጉሩን ከኋላ አስሮ «ልጃችሁን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል» አለ፤ ተረጎምኩ። «ልጃችን» የተባለው ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ እንደ ወጉ አብሮ ስለማይገባ፣ ታች ፓርኪንግ ሎት መኪና ውስጥ ተቀምጧል።

«ተቀመጡ» አሉ አጎቴ። «ጠባዩ እንዴት ነው?»

«ደግ ነው» አለ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ። «ብቻ ይፈጥናል።»

«ምን ላይ?»

«ሁሉም ዘፈን ላይ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው?»

ሦስቱም ምንጣፉን አዩ። ከዚያ ዘፋኙ የማደያውን ነገር ተናገረ። አጎቴ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«የተጣላ ሰው እንዴት ሽማግሌ ይሆናል? ልጁን ጥሩት!»

ወረድኩ። የመኪናውን መሪ በጣቶቹ እየደበደበ አገኘሁት።

«እምቢ አሉ?»

«ገና ነው። መጀመሪያ ልትታረቁ ነው።»

ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። «አንተ ጀምር» አሉት አጎቴ።

«ሽንት ቤት ገባሁ። ስወጣ ቫኑ የለም። ጃኬቴ እንኳ ውስጡ ነበር።»

«ከኋላ የተኛ መስሎን ነው» አለ ዘፋኙ።

«መቼ አወቃችሁ?»

ቤዝ ተጫዋቹ ጉሮሮውን ጠረገ። «መድረክ ላይ።»

እኔ ከሳቅ የተነሣ ትርጉሙን መጨረስ አቃተኝ። አጎቴ አልሳቁም። «በኛ አገር ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል» አሉ። እንዲህ ያሉት ለወጉ ያህል ነበር። ዘፋኙ ግን ተነሥቶ ዙሪያውን ቃኘ። አራተኛ ፎቅ ላይ ድንጋይ ከየት ይመጣል? የወጥ ቤቱ በር ሥር የቆመውን የጤፍ ዱቄት ከረጢት እያቃሰተ ማጅራቱ ላይ አወጣና ከበሮ መቺው ፊት ቆመ።

«ኮንሰርቱን ትተን ተመልሰን ነበር» አለው። «ማደያው ያለችው ሴትዮ በጭነት መኪና ሄደ አለችን።»

«ተመልሳችሁ ነበር?»

«አዎ። ቤትህ ብንመጣ በሩን አልከፈትክም፤ ስልክ አላነሳህም።»

ከበሮ መቺው ተነሥቶ ከረጢቱን ሊያወርድለት ያዘ። ሁለቱም ስላልለቀቁት ዱቄቱን መሐላቸው አድርገው ተቃቀፉ። ሱፋቸው ነጭ ሆነ። አክስቴ ከመኝታ ቤቱ በር ኋላ ስትንሰቀሰቅ ይሰማኛል።

«አሁን ሽማግሌ ሆናችሁ» አሉ አጎቴ። «መልሱን ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ መጥታችሁ ትሰማላችሁ።»

«አውሮፕላናችን ማክሰኞ ነው» አለ ዘፋኙ ደንግጦ።

«በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጥም።»

«ጋሼ!» አለች አክስቴ ከበሩ ኋላ።

አጎቴ አገጫቸውን አሻሹ። «እንግዲያው ውረዱና ሕንፃውን ዞራችሁ ተመለሱ። ሁለተኛ እንደመጣችሁ ይቆጠራል።»

ወረዱ። በመስኮት ስናያቸው አራቱም ጎን ለጎን ሆነው፣ እኩል እያወሩ፣ እኩል እጃቸውን እያወናጨፉ ሕንፃውን ይዞራሉ። አንዴ ዞሩ። ደገሙ። የመጡበትን ሳይረሱት አልቀሩም፤ በመጨረሻ እኔው ወርጄ ጠራኋቸው።

ሰርጉ አሌክሳንድሪያ ሆነ። የኛ ሙዚቀኞች ሙሽራውን ከበሮው ጋ አስቀመጡት። ምታችን ግራ አጋባው። ወደኔ ዘንበል ብሎ «የምቱ መጀመሪያ የቱ ጋ ነው?» ሲል ጮኸ። እኔ ምን አውቄ! አጎቴ መጥተው አጠገቡ ቆሙና እያጨበጨቡ አሳዩት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ያዘው፤ ሦስተኛው ላይ አክስቴ የሙሽራ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ መድረኩ ሥር እስክስታውን ታወርደው ጀመር። እሱም እሷን እያየ ፈጠነ።