ያልተቆረጠው እባብ

ኢዱ ያንን እባብ ሳይቆርጠው የተወው ረስቶ ነው ወይስ አውቆ? እሱ ራሱ ያልመለሰውን ጥያቄ ማን ይመልሰዋል?

ሥራው ንጉሡ በሕይወት ሳለ ለራሱ በሚያሠራው መቃብር ግድግዳ ላይ ጽሕፈት መቅረጽ ነበር፤ ፊደሉም የሰውና የእንስሳ ሥዕል ነው። ሬሳ በሚያርፍበት ክፍል የተቀረጸ ነገር ሁሉ ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ እባብ ሲቀረጽ ወገቡ ላይ ለሁለት ይቆረጣል፤ ያለዚያ በጨለማው ተነሥቶ ሟቹን ይነድፋል። ኢዱ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት እባብ እንደቆረጠ እንጃ።

ንጉሡ ዕድሜው ረዘመ፤ ድንጋይም አልጠግብ አለ። በነገሠ በሃያ ስድስተኛው ዓመት የኢዱን አንድያ ልጅ ኬኑን ወደ በረሃው የድንጋይ ካባ ወሰዱት። አብረውት የሄዱት ጎረምሶች ያለ እሱ ተመለሱ። «ውሃ አለቀ» አሉና አንገታቸውን ደፉ። ኢዱ አላለቀሰም። በማግስቱ መዶሻውን ይዞ ወደ መቃብሩ ወረደ።

ንጉሡ የሞተ ጊዜ፣ ሬሳው ገብቶ የመዝጊያው ጥርብ ድንጋይ ዱብ ሲል፣ ኢዱ ከግድግዳው ግርጌ የቀረጸው አንድ እባብ ትዝ አለው። ሙሉ ነበር። ወደ አለቃው ወደ መሩ ሮጠ።

«ጌታዬ፣ አንድ እባብ ሳይቆረጥ ቀርቷል።»

«የት?»

«ውስጥ ነዋ!»

መሩ ግራ ቀኙን ቃኘ። «ስማ ኢዱ፣ ምላስህን ዋጥ። ያንን ድንጋይ የሚያነሣ ክንድ አለህ? ወይስ ሁለታችንም የአዞ ቁርስ እንሁንልህ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ከኢዱ ሸሸ። ጋደም ባለ ቁጥር አንድ ነገር ድንጋይ ላይ ሲሳብ ይሰማዋል። ቀጥሎ እርሻውን የሚያጠጣው ወንዝ ለሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀረ። ወንዙን ከወዲያኛው ዓለም የሚሞላው የሞተው ንጉሥ ነው ይባል ስለነበር፣ ሰዉ ደረቅ ሽንኩርት እያኘከ «ንጉሣችን እዚያ ሄዶ ረሳን» ማለት ጀመረ። ኢዱ ግን በልቡ «አልረሳንም፤ ተነድፎ ነው» እያለ፣ ከስቶ አጥንቱ ቀረ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ለሚስቱ ለህኑት ሁሉንም ነገራት።

«ታዲያ ረስተህ ነው?» አለችው።

ኢዱ ጀርባውን ሰጥቷት ጋደም አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን እንኳ አትደብቀኝ!»

«አላውቅም፣ ህኑት። እጄ ወገቡ ላይ ሲደርስ ኬኑን እያሰብኩ ነበር።»

ህኑት አልጮኸችም። «እኔ ብሆን አውቄ ነበር የምተወው» አለች ቀስ ብላ። «ይንደፈው። የኔን ልጅ አሸዋ በልቶት የለ?»

ኢዱ ያን ጊዜ ገና ለልጁ አለቀሰ። ከጎኗ እንደተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተንሰቀሰቀ፤ እሷም ዝም በል አላለችውም። ሳጉ ቀስ በቀስ እየራቀ ሄደ። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ ውጭ ያለው ሁሉ ጥላ አጥቶ፣ ልክ ቀትር ሲሆን፣ ድንጋይ ላይ የሚሳበው ነገር ሳይሰማው እንቅልፍ ወሰደው።