ለታሂር የተመረጠችው መኪና

ከሪማ ደብረ ታቦር የወረደችው በቅሎዎቿን ሸጣ ነው። ባሏ ኢሳ ሲሞት የተወላት ንፋስ መውጫ ገበያ ዳር ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅና ጨውና አቡጀዲ ጭነው ስማዳ ቆላ፣ ወገዳ የሚወርዱ በቅሎዎች ነበር። ሴት በቅሎ ተከትላ ቆላ አትወርድም ሲሏት ወረደች። ሞላ ከሚባል የጋይንት ቤተ ልሔም ገበሬ ጋር ስትጭንና ስታራግፍ ጉልበቷ አለቀ። ዕድሜዋ ገና ሃምሳ አልሞላም፤ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ግን ሰው የሚያነሳት ይመስል መጀመሪያ ግራ ቀኙን ታያለች።

የበኩር ልጇ አብዱልመጂድ በብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ቆይቷል። መጀመሪያ አስመራ ነው ተባለ። ቀጥሎ ናቅፋ ግንባር ታይቷል ተባለ። ከዚያ ወዲያ የሚናገር ጠፋ። የሚመለስ ወታደር ሁሉ ሱቋ ደጃፍ ሲያልፍ ትጠይቅ ነበር፤ በኋላ መጠየቁም ደከማት።

የቀራት ታሂር ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሠርቶ፣ ባሕር ዳር ላይ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ፈቃዱን ይዞ የመጣ ዕለት አዲስ አበባ ሄጄ ሹፌር እሆናለሁ አላት። ከሪማ እሺም እንቢም አላለች። በየኬላው ወጣት እየተለቀመ መሆኑን ታውቃለች። ቤቱ ቢቀመጥም ቀበሌው መመልመሉ አይቀርም። ግን የቀበሌው ሊቀ መንበር ደምሌ አንድ ቀን ሱቋ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ሕዝብ የሚያገለግል ሰው እንደማይነካ፣ የወፍጮ ቤቱን ሞተር የሚያስነሳውን ልጅ እንኳ እንደተዉት አጫውቷት ነበር። ምጥ የያዛትን ሴት ከቆላ አውጥቶ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ልጅም አይነካ ይሆናል። በቅሎዎቹ የተሸጡት ለዚህ ነው። ይህ በ1981 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነበር።

ደብረ ታቦር ላይ አሮጌ መኪና እያደሰ የሚሸጠው ላቀው ግቢው ውስጥ ሁለት አቁሟል። አንዷ ረጅም ላንድሮቨር ናት። ሌላዋ ሸራ ጣሪያ ያላት ትንሽ ሱዙኪ፣ ከላንድሮቨሯ አጠገብ ስትታይ ግልገል የምትመስል። ታሂር ትልቋን ሲያይ ልቡ እሷ ላይ ቀረ። ሰዉን ከነሸክሙ እንደምትይዝ፣ በአንድ የገበያ ቀን የበቅሎዎቹን ሥራ ሁሉ እንደምትሠራ ለእናቱ ዘረዘረላት። ትንሿንማ በእግሩ ጎማዋን ነካ አደረገና ሦስት ሰውና አንድ ፍየል ከገባባት ሞላች አለ።

ከሪማ ሁለቱንም ዞረች። ወገዳ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ካየ በኋላ ጭነት ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ይጭናትና ቁልቁል ይነዳታል። ተንደርድራ ከወረደች ወይም መሀል ላይ እምቢ ካለች ይተዋታል። ከሪማ ሌላ የመግዣ ዘዴ አታውቅም፤ ስለዚህ የአሸዋ ጆንያ በአንድ ጎን እየተጫነ ሁለቱም ከግቢው ጀርባ ባለው ቁልቁለት እንዲወርዱ ጠየቀች። ላቀው ሳቀባት።

«ወይዘሮ፣ እነዚህ እኮ ገብስ አይበሉም።»

«የሚበሉትን ባውቅ መች እጠይቅህ ነበር።»

ሁለቱም በደህና ወረዱ። ላቀው ምርጫውን ለእናትና ልጅ ትቶ ገለል አለ። ከሪማ ልጇን ወደ አጥሩ ወሰደችው።

«ትንሿን እንወስዳለን። የጎረቤታችንን የአያሌውን ላንድሮቨር ወታደሩ እንዴት እንደወሰዳት አይተሃል። ከነሹፌሯ ነው የሄደችው።»

«እና በመናኛ መኪና ልለፋ ነው?»

«አባትህን መንገድ ላይ ሽፍታ ሲቀማው የሚነዳበት ደንዳናዋን በቅሎ ነበር። መናኛዋን ጥሎለት ይሄዳል። መናኛዋን ንዳና ቤትህ እደር።»

ታሂር አኮረፈ። መሪውን ግን ንፋስ መውጫ እስኪደርሱ አጥብቆ ይዞ ነበር፤ ከሪማም ይህን አየች።

በጋው ደህና አለፈ። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ሲገኝ ይነዳል፣ ሲጠፋ መኪናዋ ሱቁ ጎን ትቆማለች። ወደ ወገዳ የሚወስደውን የበቅሎ መንገድ ያሳየው ሞላ ነው። ከጎኑ ተቀምጦ፣ እዚህ ላይ ወደ ቀኝ፣ ያንን ድንጋይ በላዩ፣ ይላል። መኪና ደርሶባቸው በማያውቁ መንደሮች ልጆች ሸራውን ሊነኩ ይሯሯጡ ነበር። ታሂር ከስማዳ ወላድ አመጣ፤ እግሩን ዛፍ የሰበረውን ቄስ አመጣ። ደምሌ በስብሰባ ላይ ስሙን ጠርቶ አመሰገነው። ያን ሌሊት ከሪማ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳትነቃ አደረች።

ሚያዝያ ላይ ሠራዊቱ ከትግራይ ወጥቶ ወደ ጋይንት ተጠጋ። ከተማዋ ካኪ በካኪ ሆነች። አንድ ከሰዓት በኋላ ደምሌ አንድ መቶ አለቃና አንድ ወታደር አስከትሎ ሱቁ መጣ። ዓይኑን ከከሪማ ፊት እያሸሸ ነበር። መቶ አለቃው የሬዲዮ መገናኛ ይዞ ቆላ መውረድ እንዳለበት፣ ትልልቆቹ መኪናዎች በዚያ መንገድ እንደማይገቡ፣ ወገዳ ደርሳ የምታውቀው የትኛዋ እንደሆነች ከተማውን ሲጠይቅ ሰዉ ሁሉ ወደዚህ እንደጠቆመው አስረዳ። ቁጣ የለበትም። እሱም እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር።

ከሪማ ጨው የምትሰፍርበትን ጣሳ እንደያዘች ቀረች። መንግሥት የሚወስደው ብዙ የሚጭነውን ነው ብላ ነበር ያሰበችው፤ እንደ ነጋዴ። በትንሽነቷ ትፈለጋለች ብላ አላሰበችም።

«መኪናዋን ውሰዱ» አለች። «ልጁን ተዉልኝ።»

መቶ አለቃው ሹፌር አላጣሁም አለ፤ ወታደሩን አሳያት። ያጣሁት መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው አላት። ታሂር ነጠላ ጫማውን አውልቆ ሸራ ጫማውን ማጥለቅ ጀምሮ ነበር። በዚህ ጊዜ ሱቁ ውስጥ የነበረው ሞላ ከተቀመጠበት የጨው ጆንያ ላይ ሳይነሳ ተናገረ።

«መንገዱን ለሱ ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

መቶ አለቃው ሽበቱን አየና፣ «ጥይት ቢመጣ ትሮጣለህ ሽማግሌ?» አለው።

«ያረጀሁት ከበቅሎ ኋላ ስሮጥ ነው፣ ጌታዬ።»

ወታደሩ ሳቀ። መቶ አለቃው ለጊዜው ይበቃል አለ። ታሂር ለወታደሩ ለዳገት የሚሆነውን ከባዱን ማርሽ እንዴት እንደሚያስገባ አሳየውና ቁልፉን ሰጠው። ሞላ ጋቢውን ሰብስቦ ከፊት ገባ። ከሪማ «አያ ሞላ» አለችው። እሱም በእጁ፣ ተይው፣ አላት።

አሁን ታሂር መኪና የለውም። መኪና ከሌለው እንደማንም ወጣት ነው፤ ይህን ለመረዳት ማንም ለከሪማ መንገር አላስፈለገውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሶ ቋጠረችለት፣ እስቴ ወደምትኖረው እህቷ ፋጡማ በእግሩ እንዲሄድ፣ ኬላ ያለበት ዋናው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ነገረችው። ታሂር እሺ አለ። ላንድሮቨሯን ብንገዛ ኖሮ አላላትም። ቢላት ይቀላት ነበር። በሩ ላይ ትንሽ ቆሞ፣ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ቶሎ አትነሳም፣ ወታደሩ ባትሪዋን እንዳይጨርስባት አለ። ከዚያ ሄደ።

ሞላ የተመለሰው በእግሩ ነው፣ ከንፈሩ ደርቆ። መኪናዋ እዚያው ቆላ ከመቶ አለቃው ጋር ቀረች። ግንቦት ላይ ምልመላው እንደገና ሲጀመር ደምሌ ወደ ሱቁ መጣ። ታሂር የት እንዳለ ጠየቀ።

«መኪናዋን ተከትሎ ሄደ» አለች ከሪማ። ቀና አላለችም።

ደምሌ ወደ ሞላ ዞረ።

«ወገዳ ድረስ አብረን ነበርን» አለ ሞላ። «እዚያ ተለያየን።»

ታሂር መኪናዋ ስትነሳ ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደቀረ ደምሌ በዓይኑ አይቷል። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። የሱም ልጅ አዳነ ግንባር ነው፤ ስለሱ ግን ከማንም ጋር አያወራም። ትንሽ ጨው እንድትሰጠው ጠየቃት። ሰፈረችለት። ሲነሳ፣ «እንግዲህ መኪናዋ ስትመለስ ይመለሳላ» ብሎ ሄደ።

ከሪማ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀችና ሞላን ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ገና ነው አላት፤ ሰኔ ሲጋመስ ነው የሚሞላው። ያን ጊዜ ልጅ ፍለጋ ከዚህ ወዲያ የሚሻገር አይኖርም፣ ከዚያም ወዲህ ወደ ቤቱ የሚመለስ። ከሪማ ጣሳውን ጆንያው ላይ አስቀመጠችና ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ ይግባ ወይስ ይዘግይ ብላ እንደምትለምን መወሰን አቃታት።