የጋይ ቀርፋፋ ዲስኬት

እውነቱን ልናገርና ልገላገል፤ ጋይን አልወደውም። ጋምቤላ፣ እኛ ሰፈር ኒውላንድ ውስጥ የሚወደው ሰው ካለ ደግሞ ያሳዩኝ። ሬዲዮ ሊያሠራ የሄደን ሰው «መጀመሪያ ማን ነካካው?» ብሎ ነው የሚቀበለው። ሰውየው ወንድሜ ነው ካለ ሬዲዮውን መልሶ ያስታቅፈዋል፤ «እሱው ይሥራልህ!» ሽማግሌ አያከብር፣ ሹም አይፈራ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲመራ ድምፁ እንዴት እንደሚጥም ሲነግሩኝ፣ ወላሂ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስለኛል።

የተወለደው ባሮ ዳር ነው። ሱዳን፣ ማላካል ከተማ የጀልባ ሬዲዮ የሚጠግን አጎት ነበረው፤ እሱ ወስዶ አስተማረው። እዚያ ጦርነቱ ሲብስ ተመልሶ ኒውላንድ ሱቅ ከፈተ። እኔ የምሠራበት የስደተኞች እህል ማከፋፈያ ቢሮ ኮምፒውተር ሲመጣለት፣ የለገሱን ፈረንጆች ጋይን አንድ ክረምት አሠልጥነውት ሄዱ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለው!

ነገሩ የሆነው በሰማኒያ አንድ፣ መጋቢት ላይ ነው፤ ሙቀቱ ሰው የሚያሳብድበት ወር። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ኛቦት ነበረች፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እናቷ ድንበር ማዶ ናስር የቀሩባት። ማሽኑ ጠዋት ጠዋት ደህና ይሠራል። ከምሳ በኋላ ግን ድርቅ ይላል፤ የጻፈችው ሁሉ ይጠፋል፤ ካምፑ እህል እየጠበቀ ይውላል።

ኃላፊያችን ጓድ ኢድሪስ ይባላል። አባቱና አባቴ ጎን ለጎን ነው ሱቅ የነበራቸው፤ እሱን ግን አንድ ቀን ወንድሜ ብዬው አላውቅም። «ጠዋት ጤነኛ፣ ከሰዓት በሽተኛ የሚሆን ማሽን የለም!» አለ። «ይሄ አሻጥር ነው። እናቷ የት እንዳሉ እናውቃለን።» በዚያ ዘመን አሻጥር ከተባለ አለቀ፤ የሄደ ሰው አይመለስም። ዓርብ ስብሰባ አለ፤ እስከዚያ ማሽኑ መታመሙ ካልተረጋገጠ ኛቦት ለደህንነት ሰዎች ተላልፋ ትሰጣለች። ልጅቷ ምግብ መቅመስ አቆመች።

ሐሙስ ጠዋት ጋይ መጣ። ሰላም አላለንም። ማሽን የሚመረምርባቸውን ዲስኬቶች አቧራ እንዳይበላቸው የሚያስቀምጥባትን የወተት ዱቄት ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጋት።

ጓድ ኢድሪስ ሌላ ዲስኬት አውጥቶ ሰጠው። «በዚህ ነው የምትመረምረው። አዲስ አበባ የተመረጠ ነው። ባለቀለም ነው፤ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳል።»

«ሻይ ልጠጣ አልመጣሁም» አለው ጋይ። ለአለቃችንም አንተ ነበር የሚለው። ቢሆንም ዲስኬቱን ከተተው። ስክሪኑ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ፤ ማሽኑ ጢጥ አለና ሁሉም ደህና ነው የሚል ጽሑፍ መጣ።

ጓድ ኢድሪስ እጁን አጨበጨበ። «አየሽ ኛቦት? ማሽኑ ጤነኛ ነው።»

ኛቦት የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። እኔ አልቻልኩም፤ ጋይ ላይ ጮህኩበት። «አንተ ሰውዬ፣ ልብ የለህም እንዴ? ልጅቷን ልታስበላት ነው እኮ!»

«አንቺ ጸሐፊ ነሽ። ጻፊ» አለኝ።

ግን ባለቀለሙን አውጥቶ ከጣሳው የራሱን ከተተ። የእሱ ቀለም የለው፣ ጌጥ የለው፤ ቁጥር ብቻ ነው። ማሽኑን ከጫፍ ጫፍ ይፈትሽና ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፤ ሰው ካላስቆመው አይቆምም። «ያንተ ዲስኬት ማሽኑን ሰላም ብሎት ነው የሚሄደው» አለው ኢድሪስን። «የኔ አብሮት ይውላል። በሽታው ከሰዓት ነው የሚመጣው ካልክ፣ እስኪመጣ የሚጠብቀውን ነው የምንመርጠው።»

«ለዚህ የሚቃጠል የጀነሬተር ነዳጅ የለኝም!»

«እንግዲያው ዓርብ አንተው መርማሪ ሁን። እኔ ጠዋት አይቼ ጤነኛ ነው ብዬ ቃሌን አልሰጥም።»

ያለ ቴክኒሻን ቃል ስብሰባው አይሆንም። ጓድ ኢድሪስ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀመጠ።

ምሳ የወጣ ሰው የለም። ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል፣ ላባችን ይንጠባጠባል፣ ቁጥሩ ይሮጣል። ምንም የለም፤ እንደገና ምንም የለም። ጓድ ኢድሪስ ሰዓቱን እያየ ፈገግ ማለት ጀመረ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ ዘንበል ስትል ማሽኑ ጮኸ። ሚሞሪው ላይ ስህተት! በሚቀጥለው ዙር እዚያው ቦታ ላይ ደገመው።

«ተገኘህ!» አለ ጋይ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ኛቦት መሬት ላይ ቁጭ ብላ በኑዌርኛ ጸለየች። እኔም ተንበርክኬ ሳምኳት፤ አለቀ፣ ዳነች ብዬ።

አላለቀም። ጋይ ማሽኑን አጥፍቶ ክዳኑን ከፈተው። የሚሞሪ ቺፖቹ፣ የተጻፈውን የሚይዙት ትንንሽ ጥቁር ቁራጮች፣ ከመቀመጫቸው ብቅ ብቅ ብለዋል። እግራቸው ዝጓል፤ ከሥር የደረቀ ውሃ ምልክት ነጭ ሆኖ ይታያል። የጋይ ፊት ጠቆረ። «ይሄን ማን ነው ውሃ ያጠጣው?»

ጋምቤላ ውሃ የምናበርደው ጀሪካኑን እርጥብ ጆንያ አልብሰን ጥላ ሥር በመስቀል ነው፤ ይህን የማያደርግ ቤት የለም። ኮምፒውተሩ ግሎ አላስነካ ያለ ጊዜ ጓድ ኢድሪስ «ጆንያ አልብሱት! ውሃ ያበረደ ብረት አያቅተውም» ብሎ አዘዘ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ጆንያውን እያረጠበች የምታለብሰው ኛቦት ነበረች። ጋይ እንዳስረዳን፣ ብረቱ ሲግል ያብጣል፣ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በዚያ ቺፑ ቀስ በቀስ ከቦታው ይወጣል። ጠዋት ሲበርድ ይነካካል፤ ሲግል ይላቀቃል።

ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነውና ጓድ ኢድሪስ ብድግ አለ። «ጆንያውን የምታለብሰው እሷ ናት! ይኸው፣ አሻጥሩ ተገኘ!»

እኔም ጮህኩ። «ያ አላህ! እሷን ያዘዛት ማን ሆነና ነው...»

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ!» ጋይ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አጮኸው። «ማን ጠየቀሽ? ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ባለፈው ስመጣ አልብሺው አልኳት። ተሳስቼ ነው።»

ውሸት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጓድ ኢድሪስ ከሁላችን በላይ ያውቃል። ግን ለእሱም መውጫ ነውና ዋጠው። «ቴክኒሻን ሆነህ?»

«አዎ። ቴክኒሻን ሆኜ።»

ቺፖቹን ጠራርጎ አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አስገባቸው፤ ማሽኑ ዳነ። ዓርብ ቢሮው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሞ ግለሂስ አደረገ። አንድ ሽቦ ተሳሳትክ ቢሉት የሚደባደብ ሰው፣ ባልሠራው ሥራ «ያልበቃሁ ነኝ» አለ። ሁለተኛ የመንግሥት ማሽን እንዳይነካ ተከለከለ። ከተማው «ኮምፒውተር አጣቢው» እያለ ሳቀበት፤ ሬዲዮ የሚያመጣለትም ጠፋ። ኛቦት ሥራዋ ላይ ቀረች።

መንገድ ላይ አግኝቼ ያዝኩት። «ለምንድን ነው አፌን የዘጋኸው? እውነቱን ልናገር አልነበር?»

«የቴክኒሻን ጥፋት ስንፍና ነው፤ ከሥራ ያስባርራል። የእሷ ጥፋት አሻጥር ነው። ኢድሪስን ብትነኪው ደግሞ ሁለታችሁንም ይበላችኋል። አይቼ የሚሻለውን መረጥኩ፤ አሁን መንገዴን ልቀቂ።»

ኛቦት ግን ማመስገን አለብኝ ብላ ከባሮ የተያዘ ትልቅ ዓሣ ይዛ፣ እኔንም አስከትላ ሱቁ ሄደች። ከሩቅ ሲያየን ወጣ። መንገዱ ላይ ሰው ሞልቷል። «ወዲያ ሂጂ!» ብሎ ጮኸባት። «እንጀራዬን ያሳጣሽኝ አንቺ ነሽ! ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ!» ዓሣውን ከእጇ ነጥቆ አቧራው ላይ ወረወረው። ከዚያ ለማንሳት ያጎነበሰ መስሎ፣ እኔና እሷ ብቻ እንድንሰማው አድርጎ ተናገረ። «ወዳጅ መሆናችንን ካዩ የዋሸሁት በከንቱ ነው። ሂጂ፣ ኛቦት።»

እሷም እያለቀሰች ሄደች፤ መንደሩ ሁሉ አየና አመነ።