«አትመልስ» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ንስሐ ልገባ በሄድኩ ቁጥር ሌላ ሌላውን እዘረዝራለሁ። ዋሸሁ፣ ተቆጣሁ፣ ጾም ሻርኩ እላለሁ። እዚህች ጋ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። አሁንም ደፍሬ አይደለም። ፈርቼ ነው የምጽፈው፤ ካልጻፍኩት ደግሞ የባሰ የምፈራ ስለመሰለኝ።

ስሜ ዳንኤል ነው። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሰርግ እቀርጻለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የድሮዋን ጅማ ታሪክ በስልኬ እየቀረጽኩ ኢንተርኔት ላይ እለቅ ነበር። መጀመሪያ ላይ እውነቱን ነበር የማወራው፤ የንጉሡን ዘመን፣ የገበያውን ነገር፣ ቡና በበቅሎ ጭነው ይወጡ የነበሩትን ነጋዴዎች። ሰው ግን እሱን እያየ ያልፋል። ጅን አለበት ስለሚባል ዛፍ ወይም ማታ ማታ ስለሚንኳኳ ባዶ ቤት ሳወራ ነው ቆሞ የሚሰማኝ። ይህ ቶሎ ገባኝ። ጣመኝም።

ከፎቶ ቤቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ የእንጨት ሰገነት ያለው የድሮ የነጋዴ ቤት አለ። ይኖሩበት የነበሩት አዴ ዙልፋ ናቸው፤ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም፣ ሰባውን አልፈው ነበር። ግቢያቸው ውስጥ፣ ከመንገዱ አጥር ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ፣ በእንጨት ክዳን የተሸፈነ የውሃ ጉድጓድ አለ።

አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ገባሁ። ሰገነቱ ላይ አስቀምጠውኝ ከሰዓቱን ሙሉ አወሩልኝ። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት አማታቸው ነበሩ፤ ዝናብ የቀረበት ዓመት ላይ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ከዚያ ይቀዳ ነበር። ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝ።

«ልጄ፣ ቤቴን በደህና አንሳው፣ እሺ?»

«እሺ፣ አዴ» አልኩ።

ፎቶ ቤቴ ተመልሼ የቀረጽኩትን ሳየው አሰልቺ መሰለኝ። ደግ አማት፣ ንጹሕ ውሃ፣ ጎረቤት። ማን ያየዋል? እዚያው ቁጭ ብዬ ሌላ ፈጠርኩ። ድሮ ለሽያጭ የመጣች ባሪያ ልጅ ጉድጓዱ ውስጥ ተጥላ ሞታለች አልኩ። ዝናብ ሲዘንብ ድምፅዋ ይሰማል አልኩ። ይህም አልበቃኝም። ሰው ይበልጥ እንዲፈራ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ለድምፅዋ የመለሰ ሰው ዓመቱን አይደፍንም አልኩ። ከራሴ ነው ያመጣሁት። ከማንም አልሰማሁትም።

ወሬው ሰፈሩን ለቆ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ትልቅ ሰው ፎቶ ሊነሱ መጥተው፣ ያቺን ልጅ አያታቸው ይነግሯቸው እንደነበር ማሉልኝ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሠራኋትን ልጅ! ሳቄን ውጬ አዎ አልኳቸው። ያን ጊዜ ትንሽ እንኳ ብፈራ ኖሮ ምን ነበረበት?

አዴ ዙልፋ ስልክ አያዩም፤ ሰው ነገራቸው። ፎቶ ቤቴ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ጉድጓዴ ውስጥ ማነው የሚያለቅሰው?»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ አዴ። ሰው ይረሳዋል።»

«ውሃ የምትቀዳልኝ የጎረቤት ልጅ፣ ሚስኪ፣ መቅዳት ተወች። ግቢሽን አልረግጥም አለችኝ። ቧንቧው እንደሆነ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። አጥፋው ልጄ፣ አላህ ይስጥህ።»

እሺ አልኩ። አላጠፋሁትም። ሰው መንገድ ላይ በስሜ ይጠራኝ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዴ ዙልፋ ውሃቸውን ራሳቸው ይቀዱ እንደነበር አውቃለሁ። በአጥሩ ቀዳዳ አይቻቸዋለሁ። ጎንበስ ብለው ገመዱን በሁለት እጃቸው ሲስቡ አይቼ አልፌያለሁ።

ነሐሴ ውስጥ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ምሳ በልቼ ስመለስ ዝናቡ ያወርደዋል። መንገዱ ላይ ሰው የለም። በአጥራቸው በኩል ሳልፍ ድምፅ ሰማሁ። ከሥር፣ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ድምፅ።

«ነምኒ ሂን ጂሩ?»

ሰው የለም ወይ፣ ማለት ነው።

እግሬ ደረቀ። ድምፁ ቆመ፣ እንደገና መጣ፤ የተጎተተ፣ የሰለለ። በስመ አብ አልኩ። ያቺ ልጅ ናት አልኩ። ያቺ ልጅ እንደሌለች ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እንዲያም ሆኖ ጠጉሬ ቆሞ ያቺ ልጅ ናት አልኩ። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጣራ ድምፁን ለየሁት። ሰገነት ላይ ከሰዓቱን ሙሉ የሰማሁት ድምፅ ነበር። ለየሁት። ይህን ለመሸፈን ብዙ ዓይነት ሰበብ ሞክሬያለሁ፤ ዝናቡ ነው፣ ድንጋጤው ነው፣ ጆሮዬ ነው እላለሁ። ለየሁት። ለይቼውም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። እንዲያውም ባሰ፤ ምክንያቱም አሁን ምን እንዳደረግኩ ገባኝ።

በዚህ መሃል አንድ ባጃጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ነዚፍ ነው፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ከቪዲዮዎቼ አንድም የማያመልጠው። የጎኑን ሸራ ገልጦ አንገቱን አወጣ።

«ዳኒ፣ ትሰማለህ? ያ ነገር ነው እንዴ?»

ምን ልበለው? ‘አይ፣ አዴ ዙልፋ ናቸው፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብተዋል፣ ና እንግባ’ ብል፣ ያቺን ልጅ የፈጠርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሚስኪ እንድትቀር ያደረግኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሁሉም ይወጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጣብኝ። አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የፈጀው።

«እሱ ነው» አልኩት። «አትመልስ። ሂድ።»

ሄደ። እኔም ሄድኩ። ሮጥኩ አልልም፤ ሰው እንዳያየኝ በእርምጃ ነው የሄድኩት። ፎቶ ቤቴን ቆልፌ ከውስጥ ተቀመጥኩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለአንድ ሰው ብደውል ይበቃ ነበር። አልደወልኩም። እስኪነጋ አልደወልኩም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሱልጣን የሚባል የእህታቸው ልጅ ጅማ አቅራቢያ ካለችው ከየቡ እሸት በቆሎ ይዞላቸው መጣ። ገበሬ ነው፣ የእኔን ወሬ አያውቅም። በሩ ላይ ሆኖ ድምፁን ሲሰማ አላመነታም።

«ጂራ!» ብሎ ጮኸ፤ አለሁ ማለቱ ነው። «ጂራ፣ አዴ! መጣሁ!»

ጩኸቱን ሰምቶ ሰፈሩ ወጣ። እኔም ወጣሁ። የጉድጓዱ ክዳን በስብሶ ከእሳቸው ጋር ገብቷል። ቆፋሪ ለመውረጃ ብሎ ግድግዳው ላይ የሚፈለፍለው የእግር ማሳረፊያ ላይ ቆመው፣ ውሃው ደረታቸው ደርሶ፣ ገመዱን ክንዳቸው ላይ ጠምጥመው ነበር። ገመድ ከሳቡት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። እጄ ተልጦ ደማ። ሰው «ጎበዝ፣ ዳኒ» አለኝ። ጎበዝ ተባልኩ!

ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጡ ሱልጣን የቡ ወደሚገኘው ቤቱ ወሰዳቸው። ሳልሄድ ብቀር ሰው ይጠረጥረኛል ብዬ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከስተው አልጋው ላይ አይታዩም። ፈገግ አሉልኝ።

«ልጄ፣ እዚያ ሆኜ የሰው እግር እሰማ ነበር» አሉኝ። «ይመጣል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ይሮጣል። ሌላው ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል። ምን አድርጌያቸው ነው እል ነበር። በኋላ ያንተን ድምፅ ሰማሁ። አልሀምዱሊላህ፣ ዳንኤል መጣ አልኩ። አንድ ነገር ስትናገር ሰምቻለሁ፤ ምን እንደሆነ ዝናቡ ወሰደብኝ። ምን ነበር ያልከው?»

የአልጋውን ልብስ ጫፍ አስተካከልኩላቸው።

«እኔ አይደለሁም፣ አዴ። ያን ቀን አጋሮ ነበርኩ።»

ዓይናቸውን ለመሸሽ መሬት መሬት አየሁ።

«እንግዲህ ጆሮዬ ነዋ» አሉ። «አርጅቻለሁ።»

ወተት እንዲቀርብልኝ አዘዙ። ጠጣሁ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። በገዛ ጆሯቸው የሰሙትን እውነት ከሞት አፋፍ የተመለሱ ሴትዮ አልጋ ላይ ሄጄ ነጠቅኳቸው። አንዱ ኃጢአት ከሌላው ይበልጣል ካላችሁ፣ እኔን ይህኛው ነው ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ።

ጥቅምት ሳያልቅ ሞቱ። ሳንባቸው ነው አሉ።

ቪዲዮውን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው? ሌሎች ገልብጠውታል። ደግሞም ሰዉ ራሱን የሚያድንበት ወሬ አገኘ፤ አዴ ዙልፋን የጎተተቻቸው ያቺ ልጅ ናት፣ እኛ የሰማነው የእሷን ድምፅ ነው፣ የእሳቸውማ ከዚያ ጥልቀት አይሰማም ይላሉ። እንዲህ ሲባል አጠገባቸው ቆሜ ዝም እላለሁ። ዝናብ ሲጀምር ሬዲዮ ከፍ አድርጌ እከፍታለሁ። ጅን አልፈራም። የምፈራው ቤት ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ የትም ቦታ አንድ ሰው «ሰው የለም?» ብሎ ሲጣራ ነው። ጎረቤቴ ለሻይ ስትጣራ እንኳ በሬን እዘጋለሁ።

በታኅሣሥ የቡ ሄድኩ። ሱልጣን በሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ይገላብጣል። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። እጁ ቆመ።

«ድገመው» አለኝ።

ደገምኩት።

«‘አትመልስ’ ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«ድምፅዋን አውቀኸው?»

«አውቄው።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ወደ ቡናው ዞሮ መገላበጡን ቀጠለ።

«‘ሰዎቹን ምን አድርጌያቸው ነው’ እያለች ነው የሞተችው» አለ። «መልስ አልነበረኝም።»

«ሱልጣን፣ ይቅር…»

እጁን አንስቶ አስቆመኝ። «እሱን ተወው። መጀመሪያ ሂድና ለሸሹት ንገራቸው። ከጅን የሸሹ መስሏቸዋል። ከአክስቴ ነው የሸሹት።»

ትናንት ነዚፍን ባጃጆች ከሚቆሙበት ቦታ አገኘሁት። ሞተሩን አስነስቶ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ነገርኩት። ልጅቷን እንደፈጠርኳት፣ ድምፁ የማን እንደነበር፣ ያኔውኑ እንደለየሁት። መጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ። ሁለት ሴቶች ሊሳፈሩ መጥተው ነበር፤ በእጁ ምልክት ወደ ሌላ ባጃጅ ላካቸው።

«ልመልስላቸው ነበር እኮ» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ። «ቆሜ የነበረው ለዚያ ነው። ማነሽ ልላት ነበር።»

ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ሊሉኝ የሚችሉት አንዲት ሴት ናቸው፤ እሳቸውንም በሕይወት ሳሉ ዋሽቻቸዋለሁ። ፈርቼ ነው ማለትም አይገባኝም፤ በዚያ ቀን ከጉድጓዱ ሥር ከነበሩት ሴትዮ በላይ የፈራ ማን ነበር? ሱልጣን ንገራቸው ስላለኝ ለሁላችሁም እነግራችኋለሁ። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሞተች ልጅ የለችም፤ እኔ ነኝ ያስገባኋት። ይጣሩ የነበሩት አዴ ዙልፋ ናቸው። ሰምቻቸዋለሁ።